ለለቅሶ የሠራኋቸው ጥይቶች

በእኛ አገር ትልቅ ሰው ሲሞት ዝም ተብሎ አይቀበርም። ፈረሱ ተጭኖ ከአስከሬኑ ኋላ ይሳባል፣ ጠመንጃው ከለቅሶው መሃል ይወጣል፣ ግብአተ መሬቱ ሲፈጸም ደግሞ የበኩር ልጁ ከደብሩ ቅጥር ውጭ ቆሞ ወደ ሰማይ ይተኩስለታል። ጥይቱ እርሳስ ያለው መሆን አለበት። ባዶ ባሩድ ማጮህ ነውር ነው። «አባቱን በባዶ ሸኘው» የተባለ ልጅ ዕድሜውን ሙሉ ሲታማ ይኖራል። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ እርሳሱ ሰማይ መድረሱን ሄዶ ያየ ሰው የለም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ ይህ ልማድ ባይኖር ኖሮ ዛሬ የምጽፍላችሁ ነገር ስለማይኖረኝ ነው።

ያኔ ከእንጅባራ ወደ ዘንገና ሐይቅ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ባለች ቀበሌ ውስጥ ሱቅ ነበረኝ። ባሌ ሞቶብኝ ሁለት ሴት ልጆች አሳድግ ነበር። ከፊት ለፊት ጨው፣ ሳሙናና ክብሪት እሸጣለሁ። ከጓሮ፣ ከቀርከሃው አጥር ጀርባ፣ ጥይት እሠራለሁ።

ሙያውን ያስተማረኝ ባሌ ነው። ወታደር ነበር። ከሠራዊቱ ከወጣ በኋላ የተተኮሰ ቀለህ እየሞላ እርሳስ እያፈሰሰ ሲተዳደር ቆይቶ፣ በመጨረሻዎቹ ዓመታት እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሥራው ወደ እኔ ዞረ። እሱ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ይናገራል፣ እኔ እሠራለሁ። ቁጡ ሰው ነበር፤ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ማስረዳት አይወድም። ደጋግሞ የነገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ድምፁ የሰለለ እንደሆነ እርሳሱ አፈሙዙ ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው። ሳታዪ እንዳትደግሚ፤ ከደገምሽ ጠመንጃው ባንቺው ላይ ይፈነዳል» ይለኝ ነበር። ይህን ቃል ልብ ብላችሁ ያዙልኝ።

እሱ ከሞተ በኋላ መንገዱ አንድ ሳምንት ተከፍቶ ሁለት ሳምንት የሚዘጋበት ጊዜ መጣ። ጥይት ከገበያ ጠፋ። ያለው ሰውም ለክፉ ቀን ብሎ ደበቀው። እኔ ቀለሁንም የሞተ የመኪና ባትሪውንም ከቆራሌው እያገኘሁ፣ በዴከረንስ ዛፍ ከሰል ላይ እርሳሱን እያቀለጥኩ፣ ያለ እረፍት መሥራት ጀመርኩ። ሴት ጥይት ትሠራለች ቢባል የሚገዛ እንደማይኖር፣ ለልጆቼም ጥሩ ስም እንደማይተርፋቸው ስለማውቅ ለጠየቀኝ ሁሉ አንድ መልስ ነበረኝ፤ ከዳንግላ የሚያመጣልኝ ሰው አለ፣ የፋብሪካ ነው። ውሸቱን ከመልመዴ የተነሳ የዳንግላውን ሰውዬ መልክ ራሱ በዓይነ ኅሊናዬ አየው ነበር።

እውነቱን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ቀጥቃጩ ሽታሁን። እርሳሱ የሚፈስበትን ብረት የሠራልኝ እሱ ነው። የአካባቢው ሰው ማረሻውንም ማጭዱንም የሚያስመታው ከእሱ ዘንድ ሆኖ፣ ልጁን ግን ከዓይኑ ይሸሽጋል። ድግስ ላይ ከሰው ጋር አይቆርስም፣ ሲያልፍም ሴቶች እንጀራቸውን ይከድናሉ። በዕድሜ አባቴ ነው፤ ሆኖም እኔም እንደ ሌላው «አንተ» ነበር የምለው። ቀጥቃጭን «እርስዎ» የሚል ሰው አልነበረም። ያም ሆኖ እኔ ከሌላው የተሻልኩ ነኝ ብዬ አምን ነበር፤ አንድ ሁለት ጊዜ ቤቱ ገብቼ ድንች በልቻለሁና።

አባ ምህረቴ የሞቱት ድንች በሚነቀልበት ወቅት ነው። የአገር ሽማግሌ፣ ፈረሰኛ፣ የተከበሩ ሰው ነበሩ። በሞቱ ዕለት ከሰዓት በፊት ወንድማቸው አያ ዘውዱ ሱቄ መጡ። ቀብሩ በማግሥቱ ነው። ለሟቹ ምንሽር ጠመንጃ አምስት ጥይት ይፈልጋሉ። ጎረቤቱን ሁሉ ለምነው አንድ ሰው እንኳ ጥይቱን ለለቅሶ ለመስጠት እንዳልፈቀደ በምሬት ነገሩኝ። እኔም የዳንግላው ሰው አደራ ያስቀመጠው አለ፣ ነገ ጠዋት ለቅሶው ቤት አደርስልዎታለሁ አልኳቸው። መርቀውኝ ሄዱ።

ሱቁን ለልጆቼ ትቼ ጓሮ ገባሁ። ቀለህ ነበረኝ፣ እርሳስ ነበረኝ፣ ባሩድ ግን የተረፈኝ ለሁለት የሚበቃ ነበር። ቁጭ ብዬ አሰብኩ። የለም ብዬ መመለስ እችል ነበር፤ ግን አያ ዘውዱ የለም የሚባሉ ሰው አይደሉም፣ ዝናዬም እንዲጎድል አልፈለግሁም። ባዶ ላድርገው እንዳልል ነውር ነው፤ የነቃ ሰው ካለ የሟቹ ዘመዶች ይዋረዳሉ። እንዲህ ስል ስል አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ይህ ጥይት የሚተኮሰው ወደ ሰማይ ነው፣ ማንንም አይገድልም፣ ምንንም አይመታም፤ ታዲያ ባሩዱ ቢቀንስ ምን አለበት? የሁለቱን ለአምስት አካፈልኩት። እርሳሱን አሳምሬ ሠራሁት፣ ቀለሁንም በአመድ አሽቼ እስኪያብረቀርቅ ወለወልኩት። ሥራዬን ሳየው ኮራሁ እንጂ አልፈራሁም። ብልጥ ሴት ነኝ አልኩ።

በማግሥቱ ጠዋት ጥይቶቹን በሻሽ ጠቅልዬ ስሄድ አያ ዘውዱን ከለቅሶው ቤት ጀርባ ከሽታሁን ጋር ቆመው አገኘኋቸው። ምንሽሩ ብዙ ዓመት ተሰቅሎ ስለኖረ አላቀባብል ብሏቸው አስጠርተውታል። ሽታሁን መሬት ተቀምጦ ጠመንጃውን ከፈተው፣ ዘይት ቀባው፣ ከዚያ አንስቶ ወደ ብርሃኑ አዞረና በአፈሙዙ ውስጥ ረጅም ጊዜ አየ። «ጠመንጃው ደህና ነው። ውስጡ ንጹሕ ነው» አለ።

እኔ ጥይቶቹን ለአያ ዘውዱ ስሰጥ ሽታሁን አንዷን ለመነና ተቀበለ። መዳፉ ላይ ሚዛን እንደሚያይ ሰው አደረጋት። ወደ ጆሮው አስጠግቶ ነቀነቃት።

«ይቺ ቀለለችኝ» አለ። «ለጩኸት ብቻ ከሆነ ጌታዬ፣ እርሳሱን አውጥታችሁ ተኩሱት።»

አያ ዘውዱ ፊታቸው ተቀያየረ። ወንድማቸውን በባዶ እንዲሸኙ የሚመክራቸው ቀጥቃጭ መሆኑ ከሁሉም በላይ አንገበገባቸው። የተጠራህበትን ጨርሰሃል፣ ሂድ ብለው አባረሩት። በአጠገቤ ሲያልፍ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እትዬ፣ ባሩዱን አሳንሰሻል?» አለኝ።

«አላሳነስኩም» አልኩት።

አየኝ። ቀና ብሎ የሚያይ ሰው ስላልነበር ያ ቀን ትዝ ይለኛል። ከዚያ «እንዲያ ከሆነ ጥሩ» ብሎ ሄደ።

ቀብሩ ስድስት ሰዓት ላይ ሆነ። ከዘንገና ማዶም ከእንጅባራም ሰው መጥቶ ነበር። የአባ ምህረቴ ፈረስ በቀይ ጥልፍ ተሸልሞ ባዶውን ሲሳብ ሴቶቹ በአማርኛም በአውኚም እየቀላቀሉ ያለቅሱ ነበር። ጉድጓዱ ተደፍኖ ሰው ከቅጥሩ ሲወጣ አንተነህ፣ የአባ ምህረቴ የበኩር ልጅ፣ ምንሽሩን ይዞ ሜዳው መሃል ቆመ። ደህና አድርጌ የማውቀው ልጅ ነው። በፈረስ ጉግስ የሚስተካከለው አልነበረም። የእህል ጆንያ ሱቄ ደጅ ሲወርድ ሳልጠይቀው ተሸክሞ ያስገባልኝ ነበር። እኔ ከሴቶቹ መሃል ነበርኩ፤ በእኔና በእሱ መካከል ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው።

ጠመንጃውን ወደ ላይ አንስቶ ተኮሰ።

የምንሽር ድምፅ ታውቃላችሁ፤ ደረት ይመታል። ይሄኛው እንደ እርጥብ እንጨት ጠሽ አለ። ከአፈሙዙ ቀጭን ጭስ ወጣ። ከወንዶቹ በኩል ጉርምርምታ ተነሳ፣ አንድ ሰውም በአፍንጫው ሳቀ። አንተነህ በሐፍረት ፊቱ ጠቆረ። አጎቱ አያ ዘውዱ «ድገም፣ ድገም» አሉት።

እኔ በዚያች ሰዓት ሁሉንም አውቄያለሁ። ምንም አልተጠራጠርኩም። እርሳሱ ውስጥ እንደቀረ፣ ቢደግም ጠመንጃው እንደሚፈነዳ፣ አጠገቤ ባሌ ቆሞ የነገረኝ ያህል ግልጽ ነበር። አንድ ቃል ብቻ በቂ ነው፤ «ቁም!» ብል ይቆማል። አንተነህ ቀለሁን አስወጥቶ ሌላውን ሲያጎርስ፣ ሲያቀባብል፣ ሲያነሳ፣ ጊዜ ነበረኝ። ጮኼ ምን ልል ነው? አንቺ በምን አወቅሽ ቢሉኝስ? እሱን ሳስብ ነበር። ምናልባት ይወጣ ይሆናል አልኩ። ምናልባት አይከፋ ይሆናል አልኩ። ሴት ልጆቼን አሰብኩ እንዳልላችሁ እፈራለሁ፤ ያሰብኩት ስለ ስሜ ነው።

ሁለተኛው ድምፅ ትክክለኛ የምንሽር ድምፅ ነበር። ከዚያም በላይ ነበር።

ጭሱ ሲገለጥ አንተነህ በጉልበቱ ተንበርክኳል። ጠመንጃው ከመሃሉ እንደ ሽንኩርት ተገልጧል። የግራ እጁ ሦስት ጣቶች የሉም። በቀኝ ዓይኑ በኩል የሚፈሰውን ነገር ልነግራችሁ አልችልም። አልጮኸም። በቀረው ዓይኑ እጁን እያየ «አባዬን ጨረስኩለት?» ብሎ ጠየቀ። ተኩሱን ማለቱ ነው።

በባጃጅ ወደ እንጅባራ ሐኪም ቤት ወሰዱት። የቀረው ሰው ግን አልተበተነም። እንዲህ ያለ ነገር ሲሆን ሰው ጥፋቱን የሚጭንበትን ፍለጋ ይቆማል። አያ ዘውዱ የተሰነጠቀውን ጠመንጃ አንስተው፣ ጠዋት ደህና ነው ያለኝ እሱ ነው፣ የነካውም እሱ ነው አሉ። ማንን እንደሚሉ መናገር አላስፈለጋቸውም። ሽታሁን ለቅሶ ለመድረስ ከሁሉም ራቅ ብሎ ከባሕር ዛፉ ሥር ቆሞ ነበር። ጎትተው አመጡት። «በዓይኑ በላው» የሚል ድምፅ ከሴቶቹ በኩል፣ ከአጠገቤ ሰማሁ።

ሽታሁን አልተንቀጠቀጠም። «ጠመንጃው ደህና ነበር» አለ። «ጥይቱን ጠይቁ። ጥይቱ ቀሎኛል ብዬ ነግሬያችሁ ነበር።»

ለአንድ አፍታ ሰው ያመነታ መሰለኝ። አያ ዘውዱም ነገሩ ትዝ ብሏቸው ወደ እኔ ዞሩ። ሰዉ ሁሉ አብሯቸው ዞረ።

«እቴ፣ የፋብሪካ ነው ብለሽኝ አልነበር?»

«የፋብሪካ ነው» አልኩ።

ሽታሁን አየኝ። አልተቆጣም፤ የደነገጠ ነው የሚመስለው። «እትዬ፣ የእርሳስ ማፍሰሻውን የሠራሁልሽ እኔ አይደለሁም?» አለኝ።

ሰው ሳቀ። እውነት ነው የምላችሁ፣ ደም በፈሰሰበት ሜዳ ላይ ሰው ሳቀ። ሴት እርሳስ አፍስሳ ጥይት ስትሠራ ማን አይቶ ያውቃል? አንዱ ወጣት፣ እራሱን ሊያድን ብሎ በባል አልባ ሴት ያላክካል ብሎ ሽታሁንን ከኋላው ገፋው። እዚህ ላይ ዝም ብል እንኳ በቂ ነበር። ሳቁ አድኖኛል። ግን ጥርጣሬ የቀረ መሰለኝና ጨርሼ ልገላገል ብዬ አፌን ከፈትኩ።

«ጠዋት ጠመንጃውን ከፍቶ በአፈሙዙ ውስጥ ሲያይ አይቼዋለሁ» አልኩ። «ብዙ ቆየ እያየ።»

አስተውሉ፣ በዚህ ውስጥ አንድም የሐሰት ቃል የለም። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ክፉ ነገር ተናግሬ አላውቅም።

የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ፤ ማስረዘም አልችልም። በዱላ መቱት። ወድቆም እያለ መቱት። ከዚያ ወደ ቤቱ ወረዱና ወናፉን በቢላ ቀደዱት፣ መዶሻዎቹን ገደል ወረወሩ፣ የቀርከሃውን ግድግዳ በገመድ ስበው ጣሉት። ሚስቱ ወርቄ ከቤት ስትወጣ በእጇ የያዘችው የጨው ቅል ብቻ ነበር። ማንንም አልለመነችም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ባሏን በጋሪ ላይ አስተኝታ ወደ ግምጃ ቤት ከተማ አቅጣጫ ሄደች። መንገዱ በሱቄ ደጅ ያልፋል። ሱቁን ዘግቼ ውስጥ ተቀመጥኩ፤ የጋሪው እግር እየተንኳኳ ሲያልፍ በበሩ ስንጥቅ በኩል አየሁ።

ከዚያ ወዲያ እርሳስ አላቀለጥኩም። ይህ ግን እንደ ንስሐ አይቆጠርልኝ፤ እጄ እንደ ባሌ መንቀጥቀጥ ስለጀመረ ነው። ክረምቱ ሲያልፍ ግን አልቻልኩምና አንተነህ ቤት ሄድኩ። በሻሽ ግማሽ ፊቱን ሸፍኖ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ነበር። ፈረሱን ሸጦታል፤ በአንድ እጅና በአንድ ዓይን ጉግስ የለም። ሁሉንም ነገርኩት፤ ባሩዱን፣ ጠሽ ያለውን ድምፅ፣ ዝም ማለቴን። እንዲመታኝ ጠብቄ ነበር። እንዲመታኝ ፈልጌም ነበር።

እሱ ግን እንዲህ አለኝ። «ሽታሁን ነው ስል ሰው ሁሉ ከጎኔ ቆሟል። ጥይቱ ነው ካልኩ ግን እኔ ለአባቴ የውሸት ጥይት የተኮስኩ ልጅ ነኝ። አጎቴም ሽማግሌ በከንቱ የሰበረ ሰው ነው። አንቺም አልነገርሽኝ፣ እኔም አልሰማሁሽ። ሂጂ።»

ሄድኩ። መንገድ ላይ ቀለል ብሎኝ እንደነበር አልደብቃችሁም።

ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው የቀለለኝ። በግምጃ ቤት ገበያ ቀን ሽታሁንን ፈልጌ ሄድኩ። ከገበያው ጫፍ፣ ከአህዮች ማሰሪያው አጠገብ፣ በተዋሰው ወናፍ ማጭድ ይመታ ነበር። ሁለት ጊዜ መትቶ ያርፋል፣ ጎኑን ይዞ ይስላል። ሥሩ ተንበርክኬ ለመጀመሪያ ጊዜ «እርስዎ» አልኩት። «ይቅር ይበሉኝ፣ በእርስዎ ላይ ያደረግሁትን አውቃለሁ» አልኩ። የጠራሁበት አጠራር ደስ ያሰኘው አልመሰለኝም። ማጭዱን ከእሳቱ ሳያወጣ፣ «ለእኔ አይደለም። ያልሽበት ቦታ ሄደሽ በይው» አለኝ። እዚያ የነበረ ገበሬ ለማረሻው ተራ እየጠበቀ ስለነበር ተነሺ አለኝ።

አልሄድኩም። በሚቀጥለው ለቅሶ እናገራለሁ አልኩ። ለቅሶ መጣ፣ አልተናገርኩም። ለዓመት በዓሉ አልኩ፣ አለፈ። ሴት ልጄ ልትዳር ሆነ፤ ከሠርጉ በኋላ አልኩ። በዚህ መሃል ሽታሁን ሞተ የሚል ወሬ ሰማሁ። ጎኑ ሳይድን ነው የሞተው።

ቀብሩ ላይ ደረስኩ። ከወርቄ ጋር አምስት ሰው ነበር፤ ሦስቱ ቆፋሪዎች ናቸው። ፈረስ የለም፣ ጥይት የለም። ለቀጥቃጭ የሚተኩስ የለም። አፈሩ ሲመለስ እኔ ቆምኩና ተናገርኩ። ሁሉንም፣ ከባሩዱ እስከ «ብዙ ቆየ እያየ» ድረስ፣ ጮክ ብዬ። ቆፋሪዎቹ ስለምን እንደማወራ ስላልገባቸው አካፋቸውን ተደግፈው አዩኝ። ወርቄ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ፣

«ይሄን እኛ እናውቀዋለን» አለችኝ። «የማያውቁት እዚያ ናቸው።»

አንባቢዎቼ፣ ይህ ገጠመኝ ምን አስተማረሽ ብትሉኝ የምሰጣችሁ ጥሩ ምክር የለኝም። ሰው ክፉ የሚሆነው ክፉ ነገር ሲያስብ ይመስለኝ ነበር። እኔ ግን ያን ቀን ያሰብኩት ትንሽ ነገር ነው። ባሩድ መቆጠብን፣ አለመታማትን፣ የቀኑን ማለፍ። እናንተም አንድ ቃል የምታድኑበት ቦታ ላይ ቆማችሁ ምን ይሉኛል ስትሉ ራሳችሁን ካገኛችሁ፣ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ተኩስ መካከል ያለው ጊዜ አጭር መሆኑን ብቻ አስቡ። ለእኔ ግን ረጅም ነበር፤ አልተጠቀምኩበትም እንጂ።

እዚያ ሜዳ ላይ እስከ ዛሬ ቆሜ አልተናገርኩም። ይህንንም የምጽፈው እዚያ ያለ ሰው አንብቦ፣ እኔን ሳይጠይቀኝ እውነቱን እንዲያውቅልኝ ነው። ሽታሁን ቢኖር ይህም አይቆጠርልኝም ነበር። ልክ ነው። የሽታሁንን ስም ጽፌያለሁ፣ የወርቄን፣ የአንተነህን፣ የአያ ዘውዱን፣ የሟቹንም። የራሴን ስም ግን ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰርዤዋለሁ።